የዋንዛው ነገር

ጅሬን ዳገቱ ላይ፣ ከአባ ዲማ ደጃፍ፣
አንድ ዋንዛ ነበረ፣ ሽቅብ የሄደ ዛፍ።
ቅዳሜ ቆረጠው፣ ለበርጩማ ብሎ፤
እሑድ ሲልጠው ዋለ፣ ጉቶው ላይ አጋድሎ።
ማክሰኞ ዘነበ (ጅማ መች አባርቶ!)፤
መብረቅ ወረደና፣ ከአጥሩ ማዶ ገብቶ፣
የዘምዘምን አንድ ልጅ፣ ሙዘይንን ወሰደ።
ሐሙስ፣ ከለቅሶው ቤት፣ ነገር ተወለደ፦
«ዋንዛው ተቆረጠ። መብረቅ ተከተለ።
ስለዚህ...»
ስለዚህ፣ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

እኔ ተከራይ ነኝ፣ የአባ ዲማ ጓሮ፣
ሎጂክ አስተማሪ፣ በጠመኔ ኑሮ።
ጃርሱማው ተጠርቶ፣ ነገር ከሥሩ ይታይ ሲባል፣
እጄን እንደ ተማሪ አወጣሁ፤ «መናገር ይቻላል?»
«አባቶች፣» አልኳቸው፣ «የተከተለ ሁሉ የቀደመው ልጅ አይደለም።
ዶሮ ይጮኻል፣ ይነጋል፤
ዶሮው ቢታረድ ግን ንጋት አይቀርም።
ከቦዬ እስከ ሰቃ ስንት ዛፍ ወደቀ በዚህ ሰሞን?
መብረቅ ስንቱን ጠየቀ?»

አባ ጮራ ምርኩዛቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው፣
«አገርህ ወዴት ነው?» አሉ።
«ደጀን።»
«እህ!» አሉ።
በዚያች በአንዲት «እህ» ተረታሁ።
(ክፍል ውስጥ ቢሆን ስም አላት፤ ነገሩን ትቶ ነጋሪውን መምታት።
ደጅ ግን ስሟን ማወቅ ከእሷ አያድንም።)
ከኋላም አንዲት ሴት፣
«ይሄ ሰውዬ ከገባ ወዲህ አይደል የቧንቧው ውሃ የጠፋ?»

አባ ዲማ ዝም።
ከዚያው ዋንዛ፣ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ያወጣውን በርጩማ
አምጥቶ ጭቃው ላይ አቆመው። ንቅንቅ አላለም።
ሦስት እግር አይናጋም፣ መሬቱ ቢዛባም።
እኔም የማስተምረው ይህንኑ ነው፦
ሁለት መነሻ፣ አንድ መደምደሚያ፣ ተደጋግፎ ይቆማል፤
ውስጡን ምስጥ ቢጨርሰውም፣ ለዓይን ይቆማል።
የተቀመጠበት ነው የሚያውቀው።

ሌሊት ፈተና ሳርም፣ ቆርቆሮው በዝናብ ሲጮኽ፣
«ሰዋስው የጠበቀ፣ ትርጉም ግን የሌለው ዓረፍተ ነገር ጻፉ»
ላልኩት፣ ነጂባ የምትባል ተማሪ
«ዝምታ ከማክሰኞ ይከብዳል» ብላ ጽፋለች።
የማክሰኞን ሚዛን ማን አየ? ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

በሩ ተንኳኳ።
«መምህር፣ ያልከው ገብቶኛል።
ግን ዋንዛው ከመንደሩ ሁሉ ይረዝም ነበር፤
መብረቅ ደግሞ ረዥሙን ይመርጣል ይባላል።
ቆሞ ቢሆንስ? እሱን ወስዶ፣ ልጁን ይተው ነበር?»

የተሰነጠቀ ድልድይም አንዳንዴ አዌቱን ያሻግራል፤
በጠማማ መንገድ የሄደ ሰው ከእውነት ደጅ ሊደርስ ይችላል፤
ይህን ለተማሪ ነግሬ አላውቅም።
«ወይ ይመታው ነበር፣» አልኩት፣ «ወይ አይመታውም።»
ነገ ይዘንባል፣ ወይም አይዘንብም፤
ይህ ዓረፍተ ነገር ጅማ ላይ ዋሽቶ አያውቅም፣
እሱን ሰምቶ ጃንጥላ የገዛ ግን የለም።
እውነት ነገርኩት። ምንም አልነገርኩትም።

ያኔ ከአጥሩ ማዶ፣ በዝናቡ መሐል፣
ዘምዘም «ወይኔ!» አለች።
ጥያቄ፣ ትእዛዝ፣ ዋይታ፣ እላለሁ ክፍል ውስጥ፣
እውነትም ሐሰትም አይባሉም፤
ሰሌዳው ላይ ጽፌ እሰርዛቸዋለሁ።
አባ ዲማ ግን፣ ለጠየቀው መልስ እንዳገኘ ሰው፣
አንገቱን ደፍቶ «አዎ» አለ፤
በርጩማውን አንሥቶ ወጣ።
እኔና ወረቀቱ ቀረን።
የነጂባን ማርክ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ አየሁት፣ በዘምዘም በር ላይ፣
በሦስት እግሩ ቀጥ ብሎ።
ጎድጓዳው መቀመጫ ዝናብ አቁሯል።
እስካሁን ማንም አልተቀመጠበትም።