የአሊጋዝ ኮት

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምህረት፥ የካቲት ሲጋመስ፥
ጉም ከጦሳ ወርዶ የደሴን ቆርቆሮ ሲልስ፥
ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦
«ለማትሪክ ተፈታኞች፥ ሁለት ጉርድ ፎቶ፥
በኮትና በክራባት። ከዓርብ ያሳለፈ
አይመዘገብም።»

አሥራ ሁለተኛ ሀ፥ ሠላሳ አንድ ነበርን፤
ኮት ያለው ሲፈለግ አንድ ብቻ ቆጠርን።

አሊጋዝ፥ የወረባቦው፥ ረጅሙ፥ ዝምተኛው።
ኮቱን አጎቱ ነው ከአሰብ ያመጣለት፥
በጨው መኪና ጋቢና፥ ከወንበር ሥር ጠቅልሎለት።
ግራጫ ነው። ሰፊ። ሦስተኛ ቁልፉ የለም፤
የት እንደጣለውም ጠይቀነው አናውቅም።

ሸዋ በር ነው የተከራየን፥ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል፥
አንድ ኩራዝ፥ አንድ ሰሌን፤ ቅዳሜ ስንቅ ሲደርስ ድል ያለ ድግስ፥
የእንድሪስ በሶ፥ የአራጋው ዳቦ፥ የእኔ የሽምብራ ቆሎ፤
ሐሙስና ዓርብ ግን ባዶ ጆንያ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ
ሁሉም በየመጽሐፉ ውስጥ ሲያቀረቅር፥
«የአንድ ሻይ ሲሶው ስንት ነው?» እያለ
ክፍልፋይ የሚያስተምረን አሊጋዝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ቸርኬው ተደወለ።
(ደወላችን የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፥
ጋሽ ይመር በመዶሻ የሚወቅረው።)
ወረድን ወደ ፒያሳ፤ አሊጋዝ ከፊት፥ ኮቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ፥
እኛ ከኋላው፥ የነተበ ኮሌታውን ሁሉም ወደ ውስጥ አጥፎ።

አቶ ወልደሰንበት፥ ባለ ሦስት እግር ካሜራ፥
ራሱን በጥቁር ጨርቅ ውስጥ ቀብሮ ሲጣራ፦
«ቀጥሎ! አገጭ ቀና! አትተንፍስ!»
ኮቱ ከትከሻ ትከሻ፥ ሲወልቅ፥ ሲለበስ።
በአራጋው ላይ ካፖርት ሆነ፥ እጁን ዋጠው እስከ ጥፍር፤
በሙሄ ላይ ተወጠረ፥ የብብቱ ስፌት ጠጥ ሲል ተሰማን እስከ በር።
ክራባቱ የሰላም ጓዱ የሚስተር ዌልች ነው፤
ቋጠሮውን የሚፈታ የለም፥ መልሶ የሚያስረው ማነው?
እንደ ጥጃ ገመድ በየአንገታችን ጠለቀ።

«የወንድ ኮት አልለብስም» አለች ሉባባ። ወጣች።
ከበር ተመለሰች፤
ጣል አደረገችው ከሻሿ ሥር፥ እንደ ዋዛ፤
ኮቱ ያን ጊዜ ነው ልብ የገዛ።
አሊጋዝ ጣራ ጣራውን አየ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጉሙ መንገዱን ዘጋው።
ሠላሳኛው እኔ ነበርኩ። ቁልፍ አልባውን ቦታ በመዳፌ ሸፈንኩ።
አውልቄ ለባለቤቱ ሰጠሁት፤ ገና ሙቀት አለው፥
የሠላሳ ሰው ሙቀት። አንዱን እጅጌ እንዳጠለቀ
አቶ ወልደሰንበት ከጨርቁ ብቅ ብሎ
«ወረቀት አልቋል» አለው።
«ከአስመራ እስኪመጣ፥ አሥር ቀን።»

ዓርብ ነገ ነው። ሁላችንም ቃል አጣን።
አሊጋዝ ሁለተኛውንም እጅጌ አጠለቀ፥
ቁልፎቹን ቆለፈ አንድ በአንድ፥ የሌለውንም ሳይዘል፥
«ሠላሳ ፎቶ ላይ አለሁ» አለን፥
«ከዚህ በላይ ምን ሊባል?»

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ደጅ ተሰልፈን ለመንን።
«ደንብ ነው» አሉ።
ደንብ ነው ሲሉ፥ እኛም
ፎቷችንን አስረከብን።

ሠላሳ ሰው። «እኔም ይቅርብኝ» ያለ አንድ አልነበረም።
ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የሶስት ማዕዘን ሕጉን፥ የወንዞችን ስም፤
ይህን ግን አልረሳም።

እሱማ በዓመቱ ተፈተነ፥ ከታናሽ ወንድሜ ጋር፤
ከሁላችን የበለጠ አመጣ ብለዋል። እንጃ።
ስሙ በዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ላይ ነበር፤ እሱ ግን
በአጎቱ መኪና ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ፥ ኮምቦልቻን አልፎ፥ ወደ አሰብ።
አንዴ ጥሩንባውን ነፍቶልኛል። ኮቱን አላየሁበትም።

ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። አንድ የወተት ጣሳ ሙሉ
ጉርድ ፎቶ አለኝ፤ ጀርባቸው ላይ «ለማይረሳው ጓደኛዬ» የሚሉ።
ክረምት ሲገባ፥ እርጥበት እንዳይበላቸው ጠረጴዛ ላይ አሰጣቸዋለሁ፥
አልፎ አልፎም የየአንዳንዱን ፊት በአውራ ጣቴ እሸፍናለሁ።
አራጋው ይጠፋል። ሙሄ ይጠፋል። እኔም።

የሚቀረው ሰው ግራጫ ነው፥ ሰፊ፥ ዝምተኛ።
ቁልፉ የት እንደወደቀ ግን
እስካሁን አልጠየቅኩትም።