ደመ ከልብ

ከሂርማታ ማዶ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው በር
ሁለት ዘበኛ ነበር፤
አንዱ እኔ፣ ባለ ካፖርት፣ ስሜ ከመዝገብ የሰፈረ፣
አንዱ ዳማ፣ ያለ ደመወዝ ስድስት ክረምት ያደረ።

በነሐሴ አጋማሽ፣ አዌቱ ሞልቶ ሲያገሳ፣
ዳማ ሰጋቱራው ላይ እንደተኛ አልነሳ አለኝ፣ አልነሳ።
አንገቱን ብዳስሰው፣ ከመንጋጋው ሥር ግራና ቀኝ
እንደ ኮክ ፍሬ የጠጠረ ንፍፊት ተቀበለኝ።

«ውሻ ነው፣ ይተካል» አለ ሒሳብ ሹሙ፣ «ቡችላ ሞልቷል በከተማው»፤
እኔ ያን ሌሊት የሰማሁት ትንፋሹን ነው፤ ከእሱ ሌላ ማንን ልስማው።

መጀመሪያ የሄድኩት ጅሬን ነው፣ አባ ዲኮ ደጅ፣
ለከብት ቁርጠት፣ ለበቅሎ ሳል የታወቀ እጅ።
ሽማግሌው ውዱእ አድርጎ ነበርና ውሻዬን አልነካ፤
ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ዓይኑን አየው፣ ትንፋሹን ለካ።
ከጓሮው ዳማከሴ ቀነጠሰ፣ ዝንጅብል ነቀለ፣
«ስሙን የያዘች ቅጠል ናት፣ ዳማን ትካሰው» አለ።
ነጭ ሽንኩርትም ወቅጦ በማር ለወሰና፣
ገንዘቤን መለሰው፣ «የማያወራ በሽተኛ ምን ያስከፍላል» አለና።

ሦስት ቀን ቀለለው። በአራተኛው ድዱ ነጣ።
እውነቱን ልናገር፤ ያኔ ነው በሽማግሌው ላይ ክፉ ቃል ከአፌ የወጣ።
ባጃጅ ነጂው «ውሻ አልጭንም» ሲል እጥፍ ከፈልኩት፤
በካፖርቴ ጠቅልዬ ከእንስሳት ክሊኒኩ አደረስኩት።

ዶክተር ፈዲላ፣ ወጣት ናት፣ እጇ የበሬ ሻኛ የለመደ፣
ከፊት እግሩ ደም ቀዳች፤ ቱቦው ውስጥ ቀይ ወረደ።
ለከንቱ የፈሰሰን ደም አገሬ «ደመ ከልብ» ይላል ሲያነሳ፤
እሷ ግን ጠብታዋን በመስታወት ዘርግታ፣ ማጉያው ላይ አጎንብሳ
ነጩን ከቀዩ ለይታ ቆጠረች፣ አንዲት ሳትረሳ።
«ሊምፎማ ነው» አለች። ቆየች። «አይድንም።
ግን ጊዜ ይገዛለታል።»
                    እኔ ጊዜ የሚሸጥ ሱቅ አይቼ አላውቅም።

«ምን ሰጠኸው?» አለችኝ። መዋሸት ፈልጌ ነበር።
ተናዘዝኩ፤ እሷም ጻፈችው፣ ቃል እንደሚቀበል መርማሪ፣ በዝርዝር።
«ነጭ ሽንኩርቱ ይቁም፤ ለሰው መድኃኒት፣ ለውሻ ደም መርዝ ነው።
ዝንጅብሉ ትንሽ ትንሽ ይሁን፣ መርፌው ሲያቅለሸልሸው።
ዳማከሴውን ለጊዜው ተወው፤ እኔ አላውቀውምና፤
የማላውቀውን አልንቅም፣ አልፈቅድምም ገና።»

ከዚያ ወደ ግቢው ጥግ ወሰደችኝ፤
ፍየል የማያያት፣ ሮዝ ቀለም ያላት ተራ አበባ አሳየችኝ።
«መርፌው ከዚች የተቀዳ ነው፣ ተጣርቶ፣ በሚዛን ተለክቶ፤
እንዲሁ ቢያኝካት ግን ይሞታል፣ ሳያድር፣ አረፋ ደፍቶ።»
ቆሜ አየኋት። ነፋስ ቅጠሏን ገልበጥ አደረገው።
የጅሬኑ ጓሮና የልጅቷ ማቀዝቀዣ አጥራቸው አንድ ነው?

በየሐሙሱ አንድ መርፌ። ለሁለተኛው ሬዲዮኔን ሸጥኩ፤
ለሦስተኛው፣ ለካፖርቴ ገዢ ሳፈላልግ ዋልኩ።
ስመለስ አባ ዲኮ ከክሊኒኩ በር፣ ምርኩዙን ተደግፎ፣
ዝንጅብል በፌስታል ይዞ፣ የመጣበትን አቀበት ቁልቁል አልፎ።
«ሽንኩርቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አላት፤ ሌላ አልጨመረም።
እሷም «ሳያውቁ ነው» አለች፣ ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤
ወንበር ሳበችለት፣ ማጉያውን አስተካከለች፣
«እዚህ ላይ ዓይንዎን ያድርጉ» አለች።
ረጅም ጊዜ አጎንብሶ ቆየ።
«ሱብሐነላህ… ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጠብታ?»
እያለ ወጣ፣ ምርኩዙን እዚያው ትቶ፣ ረስቶ በቀስታ።

ይኸው ታኅሣሥ ገባ። ንፍፊቱ ሟሟ፣ ኮኩ ምስር አከለ፤
ትናንት ሌሊት ዳማ ጣውላውን ዞረ፣ አንዴ ጮኸ፣ ቀጠለ።
እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ ልጅቷ አልደበቀችኝ፤
ቅጠሉ ነው፣ መርፌው ነው፣ ዱዓው ነው እያላችሁ አታድክሙኝ።
«ደመ ከልብ» ካላችሁም በሉ፤ ደም ከልብ እንጂ ከየት ይመጣል?
ዛሬ ከተረኛ መዝገቡ ላይ፣ ከስሜ ሥር፣ «ዳማ» የሚል ተጽፏል።

ሒሳብ ሹሙ አየው። መነጽሩን ጠረገ።
አልሰረዘውም።