ድምፁን ቀንሱት

ሐሙስ ማታ ጃህራ፣ ኤሲው እያጓራ፣
ቤተሰቡ ሁሉ ፊልም ያያል በጋራ።
ሻይ አዞራለሁ።

ታንኩ ሲጋይ እንኳ አዛውንቱ አልሸሹም፤
ቴምር ይገምጣሉ፣ ፍሬውን አይጥሉም።
ኋላ፣ ጦርነቱ አብቅቶ፣ አንድ ወታደር መጥቶ፣
ከገዛ ደጁ ላይ ቆመ ቁልፉን አውጥቶ፤
ግን አልከፈተውም።

«ድምፁን ቀንሱት» አሉ አቡ ሚሻሪ።
ድምፅ አልነበረውም።

ልጃቸው ሙኒራ ዞራ አባቷን አየች፤
ሠላሳ ዓመት ስትጠይቅ ኖራ፣ ያን ማታ ተወች።

እኔም ከነትሪዬ ቆሜ አባቴን አየሁት፦
ከባድመ የመጣ ለት፣ እናቴ «ግባ እንጂ!» ስትለው
እጁን መቃኑ ላይ አድርጎ የቆመው፣
እኛ ኩራት ያልነው።

ሌሊት ደወልኩለት።
«ምነው?» አለ። «ምንም።»
ዝም አልኩ። ዝም አለ።
ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ አንዳችንም አልዘጋንም።