ሽቦው እንዳይላላ

ሁለት ክረምት ሙሉ ምድር ቤት ወርጄ
ባልሳ ስፍቅ ከረምኩ፣ ብናኙን ለምጄ።
እንጨት ነው ይሉታል፤ እኔ ግን ሳነሣው
ክብደቱን ሲፈልግ እጄ ነው ያጣው።
አጥንቱን በምላጭ፣ ቆዳውን በሐር፣
ቫርኒሽ ሰባት ጊዜ፣ እስኪያበራ ድረስ እንደ ወንዝ ጠጠር።
ሚስቴ ያርሚላ ከላይ በመጥረጊያ ዘንግ ወለሉን ትደልቃለች፤
«ሽታው ራሴን ሊፈልጠው ነው፣ ኦታካር!» ትላለች።

የውስጠኛው ክንፍ ከውጪኛው በአውራ ጣት ይረዝማል፤
ያላወቀ ሲያየው ሠሪው ሰክሮ ነበር ይላል።
በውጪኛው ጫፍ ላይ የሸሸግኋት ደግሞ፣ ያቺ የእርሳስ ፍሬ፣
የወንድሜ የቦርዚቮይ ናት፤
በተቀበረ ዕለት ከዓሣ ማጥመጃው ክር ቆርጬ የወሰድኳት፣ አፍሬ።

የጅራቱን መሪ ጥቂት ወደ ውጭ ስጠመዝዝ አየችኝ ቬንዱላ፣
የዳቦ ጋጋሪው ልጅ። «ለምን ታጣምመዋለህ?»
«ሁልጊዜ ሊሄድ ይፈልግ» አልኳት፣ «ሽቦው እንዳይላላ።»

እኔ እንኳ ማብረሩን ትቻለሁ። የጆሮዬ ውኃ ልክ ተዛብቷል፤
ሦስት ዙር ከዞርኩ አስፋልቱ ተነሥቶ በጥፊ ይለኛል።
ስለዚህ እሑድ ጠዋት፣ ከላቤ ወንዝ ማዶ፣ ቀለሙ በለቀቀው ክብ፣
እሷ መሐሉ ላይ እጀታውን ጨብጣ፣
እኔ ጠርዙ ላይ ተንበርክኬ፣ ጭራውን ይዤ፣
ሞተሩ በእጄ ውስጥ እንደ ተቆጣ ንብ።
አገጯን ነቀነቀች።
ለቀቅኩት።

ሃያ ሜትር ሽቦ፣ ከስፌት ክር የቀጠነ፤
መጀመሪያ በደረቷ ልክ ዞረ፣ እየተረጋጋ፣ እየተማመነ።
ከዚያ ተገለበጠ፤ ጎማው ለሰማይ፣ ጀርባው ለሣር፤
እጅ የለመደውን ሁሉ የሚክድበት ሰዓት፣ ላይ ታች የሚሆንበት አገር።
አራት ማዕዘን ሠራች፣ ቤት ያለ ግድግዳ፤
በየማዕዘኑ ሞተሩ ይጮኻል፣ በር እንዳጣ እንግዳ።

ከአናቷ በላይ ስምንት ቁጥር ስትጽፍ ግን ነፋስ ገፋውና
ሽቦው ላላ።

«ወደ ኋላ!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ቀረ።
እሷ ሮጣለች፣ አራት እርምጃ፣ አንገቷ ወደ ላይ እንደ ተሰበረ።
ያቺ የዓሣ እርሳስ ክንፉን ወደ ውጭ ጎተተችው መሰለኝ፤
ሽቦው ጥዝዝ ብሎ ሲወጠር በጥርሴ ተሰማኝ።

ነዳጁ አለቀ። ዝምታ። ጎማው አስፋልቱን ላሰና ቆመ።
መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ፣ እጀታው የቀረጸበትን ቀይ መስመር፤
«ክንዴን ሊነቅለው እኮ ነበር!»
«እንግዲያው ደኅና ነው» አልኳት፣
ክንፉ ላይ የተለጠፈ ትንኝ በጥፍሬ እያነሣሁ።

ሽቦውን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ።
ጣቶቼ ለልማዳቸው እጀታው ውስጥ ገቡ።
ጫፉ ላይ ማንም የለም፤ ክንዴ ግን ቆየች ተዘርግታ፣
ከማዶ የሚስባትን እየጠበቀች፣ ለአንድ አፍታ።