በእርጥቡ አትንካው

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ኮቺ፣ ከጋራዡ ጓሮ፣
ዝናብ ከጅሬን ሳይወርድ፣ ሰማዩ ገና ተቋጥሮ፣
የአቶ ዳልኬን ኮሮላ፣ ጥቁሯን፣ ቫርኒሽ ቀባኋት።
አንድ እጅ። ሁለት እጅ። በሦስተኛው ግን ከበድኩባት።

ጥቁር መኪና አይምርም።
ነጭ ቢሆን ይሸፍንልሃል፤ ጥቁር ምሥጢር አይቋጥርም።
የግራው በር፣ ከእጀታው ሥር፣ መጀመሪያ እንደ ላብ ወዛ፣
ከዚያ ጠብ ሊል ተንጠለጠለ፣ ሆዱ ሞልቶ፣ እየበዛ።
እኛ በሙያው "አለቀሰ" ነው የምንለው፤
ግማሽ ስንዝር ወርዶ፣ መሄጃ ሲያጣ ነው የቆመው።

ነጂብ "ይድረቅ፣ ተወው ጋሼ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
እኔን ማን ይዞኝ? እጄ ጨርቅና ቲነር ፈልጎ
ጠረገው። አንዱ እንባ ሦስት ሆነ። ቆዳው ተጨማደደ፣
እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ወደ ጎን ሄደ።
ይሄ ሳያንስ ትንኝ መጣች፣ አንዲት የአዌቱ ትንኝ፣
ከኮፈኑ መሐል አረፈች፣ ክንፏን ዘርግታ፣ እዩኝ እዩኝ።

አቶ ዳልኬም ደረሰ። "ደርቋል?" አለ፤ መልስ አልጠበቀም፣
አውራ ጣቱን ጫን አደረገ። ያተመውን አላወቀም።
እንደ ቀበሌ ማኅተም፣ ክብ፣ መሥመሩ የሚቆጠር።
"ሰኞ ነች?" አለኝ። "ሰኞ" አልኩት፤ ምን እላለሁ ከዚያ በቀር።

ማታ ዓይኔን ስጨፍን የመጣብኝ በሩ አልነበረም።
ጣሃ ነው።

አንድ ኮምፕረሰር ለሁለት ገዝተን ስድስት ዓመት ሠራን።
አምና፣ በገበያ ቀን፣ ስለ አራት ሺህ ብር፣
ትንሽ ነገር ወረደች፣ ትንሽ፤ ቆሞ ማየት ነበር።
እኔ ያኔውኑ፣ ትኩሱን፣ ሰው ፊት፣ በቃል ጠረግኩት፤
"ሌባ" አልኩት።
ፖሊሽ ማሽኑን አነሳ፣ የበግ ጠጉሩን ዲስክ አነሳ፣
ሄርማታ ሄዶ ሥራ ጀመረ። ዓመት ሊሞላ ነው፣ ስሙን ሳላነሳ።

አርብ ጠዋት በባጃጅ ሄድኩ፣ ጭቃ ለጭቃ።
ስቱኮ እያቦካ ነበር። ቀና አላለም።
"ጥቁር ነው?" አለ።
"ጥቁር ነው።"
"ጠረግከው?"
"አዎ።"
ስቱኮውን አገላበጠ፣ ብዙ ጊዜ አገላበጠ።
"እሑድ እመጣለሁ" አለ። "ይድረቅ።"

እሑድ መጣ። ጥፍሩን እንባው ላይ ጫን አድርጎ አይቶ፣
"ጠንክረሃል?" አለው ቀለሙን፤ እኔን ግን ትቶ።
ምላጭ ለሁለት ሰበረ፣ ጫፍና ጫፉን በፕላስተር ሸፈነ፣
መሐሉ ብቻ እንዲበላ፣ ደኅናው እንዳይነካ መጠነ።
ላጨው፣ ቀስ እያለ፣ የታመመ አባት አገጭ እንደሚላጭ።

ከዚያ ውሃ፣ የሳሙና ጠብታ፣ ቁራጭ የዋንዛ እንጨት፣
ሺህ አምስት መቶ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የተጠቀለለበት።
ፈገፈገው፤ ያ ጥቁር ሁሉ ደበዘዘ፣ አመድ መሰለ፣
ነጂብ "አበላሸው!" ሊል አፉን ከፍቶ፣ ዋጥ አርጎት ዝም አለ።
ከበሩ ጠርዝ ሲደርስ የጣሃ እጅ ለዘበ።
"እዚህ ጋ ስስ ነው" አለ፣ "ጠርዝ ቶሎ ይበላል፤
አንዴ ከሥሩ ቆርቆሮው ከታየ፣ በፖሊሽ አይመለስም።"
ለነጂብ ነው የተናገረው።
ሰማሁት።

ሁለት ሺህ ቁጥር። ከዚያ የበግ ጠጉሩ ሲዞር፣ ሲዞር፣
ከአመዱ ውስጥ የነጂብ ሸሚዝ ወጣ፣
ቀጥሎ የቆርቆሮ ጣሪያችን፣ ከነቀዳዳው፣
ቀጥሎ ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው መላጣ።

አሻራው ጠፋ። የትንኟ አንድ እግር ግን ከሥር ቀረ።
"ብቆፍረው ቀለሙ ይወጣል" አለ፣ ተወው።
አቶ ዳልኬ ሰኞ መጥቶ፣ በዚያው ጣቱ ብር ሲቆጥር
አላያትም። እኔ ግን እስካሁን የት እንዳለች አውቃለሁ።

ጣሃ ሊሄድ ሲል ከበሩ ዞሮ፣
"ኖዝልህን ቀይረው፤ አርጅቷል፣ ይተፋል" አለኝ።
ሌላ ቃል የለም። ዝናቡ ጀመረ፣ ሮጠ።

ፖሊሽ ማሽኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።
ረሳው እንዳልል፣
ገመዱን ስምንት ቁጥር አድርጎ ጠቅልሎ
ጫፉን በላስቲክ አስሮታል።