ከቃለ ጉባኤው የቀረ

ቫል ዶ ፍሬይሾ ናት፣ የሺህ ሰው ከተማ፣
ሐምሌና ነሐሴ ሰማይዋ የሚጠማ፣
ቡሽ የጫነ መኪና ካላለፈ በቀር ድምፅ የማይሰማ።

ማክሰኞ ምሽት ላይ ሰባት ሰው ተገኘ፤
ስምንተኛው ወንበር ባለቤት ተመኘ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የሚባለውን ሁሉ እጽፋለሁ፣
የማይባለውን ግን እሰማለሁ።

አጀንዳ ቁጥር አንድ፦ የውሃ ቧንቧ ጥገና።
ቁጥር ሁለት፦ መናፈሻው፤ ዥዋዥዌ፣ አግዳሚ፣ የእግር ጎዳና።
ገንዘቡ ለአንዱ ነው፣ ለሁለቱ አይበቃም፤
ገንዘብ ያዧ ሊዮኒልድ ሦስቴ ደመረችው፣ ድምሩ አልተነቃነቃም።

ዶና ዙልሚራ ተነሣች፦ «የልጅ ልጄ ትናንት
ከዛገው ዥዋዥዌ ወድቆ አገጩን ሰፉት በአራት።
ቧንቧ ከአፈር በታች ነው፣ ማንም አያየው፤
ልጅ ግን ከአፈር በላይ ነው፣ እኛን ነው የሚያየው።»

ፋርማሲስቱ ካሲልዶ መነጽሩን አወለቀ፦
«ከመቶው ሊትር ሠላሳው መንገድ ላይ አለቀ!
የምንከፍለው ለማን ነው? ለአይጥ ነው ለጉንዳን?
ከቤታችን ሳይደርስ ማንን ነው የሚያድን?»

አደሪቶ የሚባል ወጣት መሐንዲስ
ካርታ ዘረጋልን፤ ቀይ መስመር ከማጠራቀሚያው ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርስ፣
መናፈሻውን ሰንጥቆ ሲያልፍ።
ጣቱን መሐል ላይ አሳርፎ፦ «የአባቶቻችሁ ዘመን
ሲሚንቶ ቧንቧ ነው፤ እዚህ ጋ ተሰንጥቋል» አለን።
ካርታው ላይ መስመር ነው፣ ቀጥ ብሎ የሰመረ፤
ከመስመሩ ስር ግን፣ ለካ፣ ስር ነበረ።

ዝም አልን።

ያን አኻያ የማያውቅ ማን አለ?
በነሐሴ ነዶ ኮረብታው ሲከስል
እሱ ብቻውን እንደ ሰርገኛ የሚዘናፈል፤
ጡረተኞች በጥላው ዶሚኖ ሲደረድሩ፣
ተሸናፊዎቹ ፀሐዩ ወዳለበት ሲባረሩ።
«ቅዱስ ነው» ይሉት ነበር፣ «ዝናብ ሳይሻ የሚኖር»፤
ቄሱም አንድ ፋሲካ በስብከት አንሥተውታል፣ እንደ ተአምር።

ለካ ተአምሩ ቧንቧ ነው።
ለካ አርባ ዓመት ሙሉ
ሒሳብ ከፋዮች በየወሩ «ተበዛብን» ሲሉ
ጥላ ነው የገዙት፣ ጠብታ በጠብታ፣ ሳይዋዋሉ።

ከበሩ አጠገብ፣ ቧንቧ ሠሪው ቤልሚሮ፣
ባርኔጣውን በእጁ አዙሮ አዙሮ፣
«አውቅ ነበር» አለ።
«ተለማማጅ ሆኜ ነው መጀመሪያ ያየሁት፤
ቁልፉን ይዤ ሄጄ፣ ቆፍሬ፣ ተውኩት።
ችግኝ ነበረች፣ ይህን የምታህል» (እጁ ጉልበቱ ላይ ደረሰ)፣
«ቧንቧውን እንደ ጡት ይዛዋለች። ማን ከጡት ይነጥል?»

ይህን አልጻፍኩም።
ሊዮኒልድ አየችኝ፤ ብዕሬን አስተኛሁ።
ከንቲባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አልሳቀ፤
አንዲት የእሳት ራት አምፖሉን ትዞራለች፤ ሌሊቱ ጠለቀ።

ቃለ ጉባኤው የሚለው ይህን ነው፦
«ቧንቧው እንዲቀየር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።
ለመናፈሻው ዛፍ ቀጭን መስመር ይዘርጋ፤ ቆጣሪ ይኑረው።
ደንበኛ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት። ስም፦ አኻያ።
ከፋይ፦»
እዚህ ጋ ቆምኩ።
ካሲልዶ፣ ያው ስለ ሠላሳው ሊትር የጮኸው፣
ቦርሳውን አወጣና «ሐምሌ የኔ» አለ።
ዙልሚራ ነሐሴን ወሰደች፤ መስከረምን ለመውሰድ ሁለት ሰው ተጣላ።

ዥዋዥዌውስ? ለእሱ ሠላሳ አንድ ዩሮ ተረፈ፤
«ብየዳው በኔ» ብሎ ቤልሚሮ ባርኔጣውን ደፍቶ አለፈ።

መብራት አጥፍቼ፣ ቆልፌ፣ በመናፈሻው በኩል ሄድኩ።
ከዛፉ ስር ሣሩ እርጥብ ነው፤ ጫማዬ ራሰ።
አርባ ዓመት በዚህ ሳልፍ
ጤዛ ይመስለኝ ነበር።