ዐሥራ ሦስተኛው ደረጃ

ሙሐረቅ፣ ከዓሣ ገበያው ኋላ፣ በጠባቧ ጎዳና፣
ማቀዝቀዣው ሲያቃስት፣ ሌቱ ሳይጋመስ ገና፣
ማዳም ሸምሳ ተነሥታለች ዛሬም እንደገና።
ደረጃው ላይ በባዶ እግሯ፣ በአንድ እጇ ግድግዳ ይዛ፣
ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጥኖ፣ ዓይኖቿ ፈዝዘው፣ እሷም ፈዛ፣
ትቆጥራለች፦ «ዐሥር… ዐሥራ አንድ… ዐሥራ ሁለት…
ዐሥራ ሦስት።»
ከዚያ ዞራ ታየኛለች፤
«አንድ ደረጃ ጨመርክ አይደል?» ትለኛለች።

በአንተታ ነው የምታናግረኝ፤ ሌሊት ዑበይድ ነኝ ለእሷ፣
በፊልሙ ባሏ የነበረው፣ «ዐሥራ ሁለት ነው» እያለ በለሆሳሳ
ቁልፍ ደብቆ፣ ሰዓት አዛብቶ፣ አእምሮዋን የነሣ።
ቀን ቀን ግን ሰዓዳ ነኝ፤ ከከሚሴ መጣሁ፤
ክኒኗን እቆጥራለሁ፣ ፀጉሯን አበጥራለሁ።
ልጇ አዞኛል፦ «ዐሥራ ሁለት በያት፤ በሩን ቆልፊ፣ ቁልፉን ደብቂ።»
ፓስፖርቴም ያለው በእሱ መሳቢያ ነው።
ሌላ አትጠይቂ።

ፊልሙን ሠላሳ ጊዜ ሳናየው አንቀርም።
ጥቁርና ነጭ ነው፤ ደም የለበትም፤
አንዲት ሴት ደረጃ ትቆጥራለች፤ ማንም አያምናትም።
ወንዶቹ ከሲኒማው ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ አሉ፤
ሴቶቹ የየቤታቸውን ደረጃ ሲቆጥሩ ሰነበቱ አሉ።

ከዚያ በኋላስ?
ዑበይድ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው፣
ገበያ በወጣ ቁጥር ሴት ሁሉ ረገመው፤
ሦስት ቤት ሽማግሌ ላከ፤ ሦስቱም ቤት መለሰው።
በስተርጅና እንጀራው የካርቱን ተኩላ ድምፅ ሆነ፤
ሲሞት ጋዜጣው «ክፉው ባል ዐረፈ» ብሎ ዘገበ።

መርዙቅ፣ ሐኪሙን የሠራው፣ ሐኪም አልነበረም፤
ሰው ግን መንገድ ላይ ምላሱን አውጥቶ «እየኝ» ማለቱን አልተወም።
ታከተውና መድኃኒት ቤት ከፈተ፤
ሌላ ፊልም ሳይሠራ፣ ሽሮፕ ሲሸጥ ሸበተ።

በመስኮት የሚያየው ልጅ፣ ዐሥር ሰከንድ ብቻ የታየው፣
ዛሬ የባንክ አለቃ ነው፤ ሲጠይቁት «እኔ አይደለሁም» ባይ ነው፤
ግን፣ ትላለች ማዳም ስቃ፣ በሊፍት እንጂ በደረጃ አይወጣም ሰውየው።

እሷስ? አንድ ጊዜ አበደች፣ በጣም አሳምራ፤
ከዚያ ወዲያ ጤነኛ ሴት ሁኚ ብሎ የጠራት የለም ለሥራ።
ዐሥራ አንድ እብድ ተጫወተች።
ዐሥራ ሁለተኛዋ ሳትጠራ መጣች።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማየው አንዲት እጅ ነው።
ፊልሙ ሲጋመስ ሻይ ይቀርባል፤ ትሪው ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ
ጥቁር እጅ አለ፣ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ፤ ከዚያ እልፍ።
ፊት የለውም። በስም ዝርዝሩም ውስጥ የለም፤
ካሴቱን እያቆምኩ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።
የሌሎቹ ታሪክ ተጽፏል፤ ማን ተጣላ፣ ማን ታመመ፤
የእሷ የተዋናይነት ዘመን በአራት ሰከንድ ተፈጸመ።

አንድ ጠዋት፣ ቀልቧ ተሰብስቦ ሳለ፣ ማዳምን ጠየቅኋት።
ሻይዋን አስቀመጠች። ቆየች። ጥያቄው የጠፋት መሰላት።
«የእናቴ ቤት ልጅ ነበረች» አለች፤ «ፊልሙ የተሠራው እዚሁ ነው።
ጽሑፉ ላይ ዐሥራ ሁለት ይላል፤ ደራሲው ደረጃችንን አልወጣው!
እሷ ትሪዋን ይዛ ቆመች፣ ካሜራው መሐል፤
‹ዐሥራ ሦስት ነው፤ ስወጣው የምውለው እኔ ነኝ› አለች።
ሳቅንባት።»
ስሟን ብጠይቃት ግን ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄዶ ቀረ፤
ዑበይድ የት እንዳለ ትጠይቀኝ ጀመረ።

በማግሥቱ ትሪ ይዤ ስወጣ ቆጠርኩ።
ሁለት ዓመት ወጥቼው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
አንዴ። ደግሜ። ወርጄ እንደገና።
ጉልበቴ ያውቀው ኖሯል ለካ፤ ጆሮዬ ነው ትእዛዝ የሰማው።

ሌሊት እንደ ልማዷ ቆማ፣ ግድግዳውን ይዛ፣
«አንድ ደረጃ ጨመርክ አይደል?» አለችኝ።
የኔ ቃል አንድ ናት፤ ተጽፋ የተሰጠችኝ።
ዋጥኳት።
«ዐሥራ ሦስት ነው፣ ሸምሳ» አልኳት፣ በራሴ ድምፅ፤
«ድሮም ዐሥራ ሦስት ነው።»

የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።
እጄን ይዛ ወደ መብራቱ አስጠጋች፤
አውራ ጣቴን አገላብጣ፣ አገላብጣ አየች፤
ጠባሳ ነበር የምትፈልገው።